እትዬ ሁለተኛ በፍጥነት መንገድ ላይ

አውቶቡሳችን ጎማ ሊቀይር ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ ቆመና ሾፌሩ «ሻይ ጠጥታችሁ ትደርሳላችሁ» አለን። ሾፌር እንዲህ ሲል ሻይ ብቻ ሳይሆን ምሳም ተበልቶ እንደሚደረስ መንገድ የለመደ ሁሉ ያውቃል። ሳልጣደፍ ወረድኩና እግሬን እያፍታታሁ በቆሙት መኪኖች መሃል መዞር ጀመርኩ።

ግቢው በከባድ የጭነት መኪኖች ተሞልቷል። ከሁለት ባለተሳቢዎች መሃል አንዲት ሚጢጢ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች፤ ከጎረቤቶቿ ጎማ እምብዛም አትበልጥም። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተቀምጧል። ከፊት ወንበሯ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አሮጊት በተከፈተው በር እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ጮክ ብለው ያነባሉ። መጽሐፍ የሚያነቡ እንዳይመስላችሁ። መኪኖቹን ነው።

«ተ፣ ቀ፣ ጣ፣ ጣ፣ ይ። ተቀጣጣይ» አሉ አንዱን ቦቴ እያዩ። ቀጥለው የጎማ ጥገናውን ሰሌዳ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቀስት፣ የእኔን አውቶቡስ ታርጋ አነበቡ። የሚነበብ ሲያልቅባቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ሸሚዝህ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል» አሉኝ።

አቀርቅሬ ሳይ እውነታቸውን ነው።

ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ የዘይት መለኪያውን በጨርቅ የምትጠርግ ሴት ቀና ሳትል ሳቀች። ይቅርታ እንዳደርግላቸው ጠየቀችኝ፤ እናቷ ከትናንት ጀምሮ ያዩትን ሁሉ ሳይናገሩ አያልፉም፤ ጠዋት እንኳ ያደሩበትን ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስንት ጥርሱ እንደጎደለ ነግረውታል። እኔም ጨዋታ ካገኘሁ አልጠላም። በዚች መኪና ነው እንዴ የፍጥነት መንገድ የወጣችሁት አልኳቸው።

«በአውሮፕላን ነው የመጣነው» አሉ አሮጊቷ። «ክንፏ ለማቆሚያ ስላስቸገረን አውልቀን አስቀመጥነው።»

ሴትየዋ መለኪያውን ወደ ቦታው መልሳ እጇን ጠረገች። ሻይ የምጋብዛቸው ከሆነ ነገሩን ከስሩ እንደምታወራኝ ቃል ገባች። የአውቶቡሳችን ሾፌር ገና ክሪክ ፍለጋ ከመኪና መኪና ይዞራል። ሦስት ሻይ አስመጣሁና አንድ ባዶ ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩ። አሮጊቷ ግን ዝም ብዬ እንድቀመጥ አልፈቀዱልኝም። ከቦርሳቸው ክርና መርፌ አወጡ፣ ከተቀላቀሉ ቁልፎች መሃል ለሸሚዜ የሚመስል መረጡ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው የመርፌውን ቀዳዳ ወደ ሰማይ አቀኑ። ክሩ በአንድ ጊዜ አለፈ። ልጃቸው ወሬዋን አቋርጣ አየቻቸው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ይህን ያህል የሚታይ ነገር መሆኑ ያኔ አልገባኝም ነበር።

«አትንቀሳቀስ እንግዲህ» አሉኝ፤ ሸሚዜን ለብሼው እያለሁ መስፋት ጀመሩ።

ሴትየዋ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ሃምሳን ሳትሻገር አልቀረችም፤ አጠር ያለች፣ ትከሻዋ የጠነከረ፣ ድምጿ ከብዙ ጩኸት የተነሳ ትንሽ የሻከረ። ተማሪዎቿ «እትዬ ሁለተኛ» ይሏታል። በትምህርት ሰዓት ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ሁለተኛ አስገባ» ነውና። አንደኛ ማርሽ ለመነሳት ነው፣ ሁለተኛ ለመሄድ፤ ሦስተኛ ለጎበዝ ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት የሚሰጥ ሽልማት ነው። አራተኛውንማ እሷ ራሷ የምታውቀው ማርሹ ራስ ላይ ቁጥሩ ተጽፎ በማየት ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜዋን የነዳችው በከተማ ውስጥ ነው፤ ከአደባባይ ወደ አደባባይ፣ ከትምህርት ቤት አጥር ወደ ገበያ ጥግ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባል በጊዜ ሞቶባቸው ይህቺን አንድ ልጅ ያሳደጉት መስኮቱ ሥር በተቀመጠች የእግር ስፌት ማሽን ነው። ልጅቷ ስትተኛም ስትነቃም የምትሰማው ያንኑ የማሽን ድምጽ ነበር። እናት ሙያውን ሊያወርሷት ሞከሩ፤ እሷ ግን ቀጥ ያለ ስፌት የሚባል ነገር አልሆነላትም። አንድ ቀን የጎረቤት መጋረጃ እንደ ወንዝ አጠማዝዛ ሰፍታ ስታመጣ፣ እናት መጋረጃውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ በመርፌ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተሽ በጎማ ሞክሪው አሏት። ለቀልድ ነበር። ልጅት ግን በማግስቱ መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው ጋ ሄዳ በጽዳት ሥራ ተቀጠረች፤ ከጽዳት ወደ ስልክ ማንሳት፣ ከስልክ ወደ መሪ አለፈች። ውሎ አድሮ የራሷን መኪና ገዝታ በማሰልጠኛው ታስተምርበት ጀመር። ያቺ አርጅታ የተካቻት ይህችው ናት፤ መተዳደሪያዋም፣ ጓደኛዋም፣ ቢሮዋም።

የማስተማሪያ መኪና እንደሌላው መኪና አይደለም። በአስተማሪው ወንበር በኩል ተጨማሪ ሁለት ፔዳሎች አሉት፤ አንዱ ፍሬን፣ አንዱ ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን። ተማሪው ሲደናገጥ አስተማሪው ከጎን ረግጦ ያድነዋል። እትዬ ሁለተኛ በዚህ ላይ ሞተሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር የሚያሳይ ባለመርፌ ሰዓት አስገጥማለች። መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ትምህርቷ አንድ ነው፦ ጮኸ ማለት አመመው ማለት ነው፣ ማርሽ ቀይር። ይህን ያልሰማ ተማሪ ከእጇ አልወጣም።

እናት እያረጁ ሲሄዱ ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ አንዱ ጠፋ። በሌላው እየተጠጉ፣ እየዳበሱ መስፋታቸውን አልተዉም። በመጨረሻ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ጫፉን ሰፍተው ዘጉት። ደንበኛዋ እጇን ብትልከው መውጫ የለም። ደንበኛዋም ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ፤ ሴትየዋ እንደወጣች ግን ማሽኗን በነጠላ ሸፈኑና ከዚያ ወዲያ አልገለጧትም። እግራቸው ብቻ ሥራ መፍታቱን እምቢ አለ። ሲበሉ፣ ሬዲዮ ሲሰሙ፣ ሰው ሲያናግሩ ከጠረጴዛው ሥር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

የከተማቸው ሐኪም መርምሮ የነገራት ነገር እንቅልፍ ነሳት። ሁለተኛው ዓይን ሞራው እየጠነከረ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ለማውጣት ያስቸግራል። ሩቅ ባለው ትልቅ ከተማ አንድ ስመ ጥር የዓይን ቀዶ ሐኪም ከውጭ መጥቶ ጥቂት ቀን ይሠራል፤ የሚሄደው በዚህ ሳምንት ነው። በመጨረሻው ቀን ከቀትር በፊት ከደረሱ ተራ እይዝላቸዋለሁ አላት። ካልደረሱስ ብላ ጠየቀች። «ሌላ ጊዜ መምጣቱ አይቀርም» አለ ሐኪሙ፤ «ያ ዓይን ግን ይጠብቀዋል ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጡ። በዕለቱ ማለዳ በዚችው መኪና መነኻሪያ ሄዱ፤ እናት ዓይናቸው ሳይደክም ለራሳቸው የሰፉትን የመጨረሻ ቀሚስ ለብሰዋል። መነኻሪያው ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቷል ተባሉ። የሚቀጥለው የሚነሳው ከሰዓት ነው። ከሰዓት ማለት ደግሞ ሐኪሙ ሻንጣውን ዘግቶ የሚሄድበት ሰዓት ማለት ነው።

እናት አልተማረሩም። የልጃቸውን ክንድ እንደያዙ፣ ከእንግዲህ ያላየሁት ብዙ ነገር የለም፣ ወደ ቤት እንመለስ አሉ። እትዬ ሁለተኛ ያን ጊዜ ያደረገችውን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዞር ስትል መኪናዋን አየቻት። ከመነኻሪያው አጥር ሥር ቆማ፣ ለማጅ የሚለውን ሰሌዳዋን ተሸክማ፣ እንደ ተማሪ ትጠብቃለች።

የአክስቷ ልጅ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከመነኻሪያው ጀርባ ነው። ቀጥታ እሱ ጋ ነዳች። ልትሄድበት ያሰበችውን ስትነግረው በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ይቺ መኪና እኮ የከተማ መኪና ናት» አለችው፤ ይከለክለኛል ብላ ራሷ ቀድማ።

«ማን አለሽ?» አላት። «አንቺ ነሽ የከተማ ያደረግሻት።»

ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ሞላ፣ ውሃውን አየ፣ ጎማዎቹን ነፋ። ሁሉንም ሲጨርስ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የተናገራትን ቃል በቃል ነገረችኝ፤ እሷ ተማሪ ሆና ትምህርት ከተቀበለች ብዙ ዘመኗ ነበርና አልረሳችውም።

«ትጮሃለች። ትጩህ። ዘይትና ውሃ እስካላት ድረስ ጩኸት ማለት ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። አንቺ ሙቀቱን እያየሽ፣ መርፌዋን ከቀዩ በታች ያዢያትና እግርሽን አታንሺ። የማታውቂው ነገር ካየሽ ቁሚና ደውይልኝ።»

እናት ከኋላ ሲቀመጡ ያጥወለውላቸዋልና ከፊት ተቀመጡ፤ ሌላ ጊዜ ልጃቸው ከምትቀመጥበት ከአስተማሪው ወንበር ላይ። ይህን ልብ በሉልኝ። እትዬ ሁለተኛ ልብ አላለችውም።

የፍጥነት መንገዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ሦስተኛ አስገባች። ሞተሩ ጮኸ። አራተኛ አስገባች፤ ትንሽ ዝም አለና ፍጥነቷ ሲጨምር እንደገና ጮኸ፣ ከፊተኛው የባሰ። እጇ ሳታዝዘው ወደ ማርሹ ሄደ። ሌላ ማርሽ የለም። ዕድሜ ልኳን ሲጮህ ቀይሩ ስትል ኖራ፣ አሁን እየጮኸባት የምትቀይረው አጣች። መርፌዋ ከቀዩ ሥር ትንቀጠቀጣለች። መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷም አብሮ። ትልልቆቹ መኪኖች ሲያልፏት ነፋሳቸው እንደ ቅጠል ወደ ዳር ይገፋታል።

«እንደ እሱ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። «እያንዳንዷን ደቂቃ አሁን ፈነዳ፣ አሁን ፈነዳ ስል ነው የሄድኩት። ከተማ ውስጥ እንዲህ የሚያስጮህ ተማሪ ባገኝ አስወርደው ነበር።»

እናት የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርገው ይዘው፣ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሰብስበው ወደ አፋቸው የመጣላቸውን ጸሎት ሁሉ ይደግማሉ። እንዲህ ሆነው ብዙ ሄዱ። ሞተሩ አልፈነዳም። የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ቀስ በቀስ የልጅቷ ትከሻ ወረደ፤ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ የማይል አንድ ወጥ ድምጽ መሆኑን ጆሮዋ ለየው። አሮጊቷም ጸሎታቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን አቀኑ።

«አንቺ» አሉ፣ «ይቺ እኮ የእኔ ማሽን ናት። ረጅም ስፌት ላይ ስለቃት ልክ እንዲህ ነበር የምትለው።»

ከዚያ በኋላ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ወንበሩ ላይ ተደላደሉ፣ የበሩን እጀታ ለቀቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው ያወሩ ጀመር፤ ማን በሰርጓ ማግስት ቀሚሷ ጠቦኛል ብላ እንደመጣች፣ ማን የባሏን ሱሪ ለወንድሟ አሳጥሩልኝ እንዳለች። ልጅት እየሳቀች ነዳች። ረጅሙ ዳገት የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ዳገቱ ላይ የሞተሩ ድምጽ ተለወጠ። ሽቅብ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ፤ መርፌዋ ቀዩን ነክታ ትመለሳለች። የሚገርመው ሞተሩ የበለጠ በጮኸ ቁጥር መኪናዋ የበለጠ ትዘገያለች። ነዳጅ ጨመረች፤ ባሰ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ እንደተቃጠለ ጸጉር ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። እትዬ ሁለተኛ መንገድ ዳር ወጥታ አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። መሪው ላይ ግንባሯን አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ገደልኳት አለች በልቧ። መኪናዋንም፣ የእናቴንም ዓይን።

ሽታው ለእናትም ደርሷል። ተስፋ መቁረጣቸውን ሳያሳዩ መኪናሽ ከእኔ ዓይን ትበልጣለች፣ መተዳደሪያሽን አታጥፊ፣ ስትበርድ ቀስ ብለን እንመለስ አሏት። ልጅት መካኒኩ ጋ ደወለች።

ሙቀቱ የት ላይ ነው አላት። መሃል ላይ። ዘይት ያፈሳል ወይ? አያፈስም። ሽታው ምን ምን ይላል? ነገረችው። መካኒኩም ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ የሸተተሽ ፍሪሲዮኑ ነው፣ ግራ እግርሽን እሱ ላይ ጭነሽ ነው የምትነጂው አላት። በዚህ ተናደደች። ስንት ተማሪ በዚህ ጥፋት የጮኸችበት ሰው ናት። ግራ እግሯ ከመንገዱ መግቢያ ጀምሮ ወለሉ ላይ እንዳረፈ ነው፤ ፔዳሉን አልነካችውም።

«አንቺ ካልረገጥሽው ታዲያ ማን ይረግጠዋል?» አለ መካኒኩ።

እትዬ ሁለተኛ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ጎን ዞረች። ከዚያ ወደ ታች አየች። የእናቷ እግር፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከአስተማሪው ፍሪሲዮን ላይ ተደላድሎ፣ መኪናዋ በቆመችበት፣ ሞተሩ በጠፋበት፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እማዬ» አለች፣ «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

«እግርሽ።»

አሮጊቷ እግራቸውን አቆሙ። በጣታቸው ፔዳሉን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ማሳረፊያ መስሎኝ» አሉ። «ለእግር ይመቻል። ያው ድምጹም የማሽኔ ስለሆነ…»

መካኒኩ ሁሉንም በስልክ ሰምቷል። እትዬ ሁለተኛ እንደምትለው ሳቁ ያለ ስልክም ይደርሳቸው ነበር። ሲበቃው፣ ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ጠብቂ፣ ከዚያ እንደጀመርሽው ንጂ፤ ሞተሩ ገና ጉልበቱን አልጨረሰም አላት።

ይህን ሲተርኩልኝ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አሮጊቷ መርፌውን ሸሚዜ ላይ ሰክተው እስኪረጋጉ ጠበቅሁ። ያኔ ግን አልሳቁም ነበር። ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ሲጠብቁ ፀሐይዋ እየወጣች፣ ጊዜው እየሄደ ነበር። እናት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ለካ ዓይኔን ያስቀረሁት እኔው ነኝ አሉ። በቃ እንመለስ አሉ እንደገና። እትዬ ሁለተኛ ወርዳ በእናቷ በኩል ዞረች። የገበያ ቦርሳዋን ፔዳሎቹ ፊት አስቀመጠች፣ የእናቷን እግር በእጇ አንስታ ከቦርሳው ወዲህ መለሰችው። ጫማቸውን ያጠለቀችላቸው ተንበርክካ ነው።

«እማዬ» አለቻቸው፣ «አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ረግጠሽ አሳድገሽኛል። ዛሬ እግርሽን አሳርፊ፤ እኔ ልርገጥ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስትናገር እጆቿም አብረው ይነዱ ነበር። ዳገቱን እንደ አዲስ ጀመረችው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛውን እስከ ጥግ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ እሷ አላነሳችም። አራተኛ። መርፌዋ ከቀዩ ሥር ወጥታ ቆመች፤ በዚያው ላይ ያዘቻት። ጩኸቱ ያው የጠዋቱ ጩኸት ነው፤ አሁን ግን አልፈራችውም። አሁን ለካ ሲጮህ መኪናዋ ትሄዳለች። ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ጠቋሚ አሳየች፣ መስታወቷን አየች፣ እንደምታስተምረው ሁሉንም በደንቡ አድርጋ አለፈችው። ከኋላዋ የጥሩንባ ድምጽ ሰማች፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ። ሰላምታ ይሁን ስድብ አልለየችም፤ ለመለየትም ጊዜ አልነበራትም። ቁልቁለቱ፣ ሜዳው፣ ድልድዮቹ ሁሉ በዚያው ድምጽ አለፉ። እናት ከጎኗ፣ እግራቸው ከቦርሳው ወዲህ፣ ድምጹ ትንሽ ዝቅ ያለ በመሰላቸው ቁጥር «ምነው ደከመሽ?» ይሏታል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ጣሪያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየ።

«እህቴ፣ ልምምድ እዚህ አይቻልም። ባለፈው አንዱ አጥሩን ጥሶብናል።»

«ልምምዱን መንገድ ላይ ጨርሼ ነው የመጣሁት» አለችውና ገባች።

የዓይን ክፍሉ መተላለፊያ ባዶ ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ተነስተዋል፣ ወለሉ ተወልውሏል። አንዲት ነርስ የመጨረሻዋ ታካሚ ገብታለች፣ ከእሷ በኋላ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ወደ አየር ማረፊያ ነው አለቻቸው። እትዬ ሁለተኛ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች። የተናገሩት እናት ናቸው፤ ነርሷ ወደቆመችበት አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው።

«ልጄ፣ ስትራመጂ የጋውንሽ ጠርዝ ተተርትሮ መሬት ሲጎተት ሰማሁ። ዓይኔን ካገኘሁ እሰፋልሻለሁ።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ ጋውኗን አየች። ቀና ብላ ሁለቱን አየች፤ አንዷ በመንገድ አቧራ ተለውሳ፣ ሌላዋ በክት ቀሚሷ። በሩን ገፍታ ገባች። ከውስጥ የሚሰማው የውሃ ድምጽ ነበር። ቆየት ብሎ አንድ የደከመው የወንድ ድምጽ «አንድ ሰው ብቻ ከሆኑ አስገቢያቸው» አለ።

እናት ውስጥ ሳሉ የልጅቷ ስልክ ጮኸ። የማሰልጠኛው ባለቤት ነው። በመጀመሪያ እንዳትደነግጥ ለመናት። ከዚያ መኪናሽ ተሰርቃለች አላት። አንድ የድሮ ተማሪዋ ከባድ መኪና እየነዳ ዳገት ሲወጣ፣ የእትዬ ሁለተኛ መኪና እንደ እሳት አደጋ እየጮኸች አልፋዋለች፤ ታርጋዋን ለይቷል፤ ሌባው ከጎኑ አንዲት አሮጊት አፍኖ ሳይወስድ አልቀረም ብሎ ነው የደወለው። ጥሩንባውንም የነፋው ሰው እንዲሰማ ነበር።

«እኔው ነኝ የነዳኋት» አለችው።

«አንቺ? በስንተኛ?»

«በአራተኛ።»

ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ ላሉት «አራተኛ አለች!» ብሎ ሲጮህ ሰማች።

ፋሻው የተፈታው በማግስቱ ጠዋት ነው። እትዬ ሁለተኛ አልጋው አጠገብ ቆማ እጇን የምታደርግበት አጣች። እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከፈቱት፣ እንባ አቀረረ፣ ጠረጉት። ልጃቸውን ከግንባሯ እስከ አገጯ አዩዋት፤ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አርጅተሻል» አሉ።

ልጅቷ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ሳቀችም። የነርሷ ጋውን ከምሳ በፊት ተሰፋ፤ ክሩን ሊያስገባላቸው የሞከረውን ሁሉ እጃቸውን እየገፉ፣ ራሳቸው አስገብተው። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ደግሞ እናት ማቆሚያው ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ያመጣቻቸውን መኪና ፈለጉ። ዓይናቸው ከመድከሙ በፊት ሌላ መኪና ነበራት፤ ይህቺን በመልክ አያውቋትም። ልጅት ስታሳያቸው፣ እንዲህ ትንሽ መሆኗን ባውቅ ኖሮ አልሳፈርም ነበር አሉ።

ወሬው እዚህ ሲደርስ ቁልፌ ተሰፍቶ አልቋል። አሮጊቷ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ፣ ራቅ ብለው ሸሚዜን መረመሩና ሌሎቹም ቁልፎች ላልተዋል፣ ሚስትህ አታይም እንዴ አሉኝ። የአውቶቡሳችን ጥሩንባ ጮኸ፤ ሾፌሩ እጁን እያወዛወዘ ይጠራል። ተነሳሁና እንደማንኛውም መንገደኛ ቀስ ብላችሁ ግቡ አልኳቸው፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩላችሁ የለም።

«ቀስ?» አሉ አሮጊቷ መነጽራቸውን እያወረዱ። «ስንሄድ እኮ ጩኸቷን ብቻ ነው የሰማሁት። ያቺ መርፌ ከቀዩ ሥር ስትቆም በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

እትዬ ሁለተኛ ኮፈኑን ዘጋች፣ የእናቷን ቀበቶ አሰረች፣ ዞራ መሪው ጋ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ፤ እውነትም የልብስ ስፌት ማሽን ይመስላል። በመስኮቱ ወደ እኔ ብቅ አለች።

«ሰማህ አይደል ወንድሜ? ሁለተኛውን ለከተማ አስቀምጬዋለሁ» አለችና ወደ ጎን ዞረች። «በይ እማዬ፣ እግርሽን ሰብስቢ።»